የራስን የድምፅ ትእዛዝ ለመፍጠርና ለማረም የትኛው ፕሮግራም ይሻላል? ለአማርኛ ጸሐፊዎች የንጽጽር መመሪያ

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከአያት እስከ ለገጣፎ ባለው የአዲስ አበባ ዳርቻ በየኮንዶሚኒየሙ ሥር «ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ማስታወቂያ የሰቀሉ ትንንሽ ሱቆች አሉ። እዚያ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ተደጋጋሚ ነው፤ የቤት ኪራይ ውል፣ የመኪና ሽያጭ ውል፣ ለወረዳ የሚቀርብ ማመልከቻ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ጥያቄ። ስምና ቀን ይቀየራል እንጂ አንቀጾቹ ያው ናቸው። ጸሐፊዋ ግን ያንኑ ቀኑን ሙሉ ስትመታ ትውላለች፤ ውሎ አድሮም የእጅ አንጓዋን ያማታል። ይህን መመሪያ የምጽፈው በመጀመሪያ ለእሷ ነው። እጁ እንደልቡ ለማይታዘዝለት፣ ዓይነ ስውር ሆኖ በስክሪን አንባቢ (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ለሚሠራ፣ ኮድ ሲጽፍ ለሚያድርም ይጠቅማል።

እጅዎ ጤነኛ ከሆነና ችግርዎ መደጋገም ብቻ ከሆነ ግን እዚህ ላይ ያቁሙ። የማይክሮሶፍት ዎርድ አውቶኮሬክት ሁለት ፊደል ሲጽፉ ሙሉ አንቀጽ ያወጣልዎታል፤ ማይክም ሆነ ሌላ ወጪ አይጠይቅም። የድምፅ ትእዛዝ የሚያስፈልገው ቁልፍ መምታቱ ራሱ ሲከብድ ነው።

ትእዛዙ በእንግሊዝኛ፣ ጽሑፉ በአማርኛ

ከዚህ በታች ከማነጻጽራቸው የተዘጋጁ ፕሮግራሞች አንዳቸውም በአማርኛ የተነገረ ትእዛዝ አይሰሙም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፤ መተው ግን የለበትም። ትእዛዙ የሚጠራበት ቋንቋ ሌላ ነው፣ ትእዛዙ የሚያወጣው ጽሑፍ ቋንቋ ሌላ። «ሃውስ ሬንት ኮንትራክት» ብለው በእንግሊዝኛ ሲጠሩ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው «አከራይና ተከራይ ከዚህ በታች በተዘረዘሩት ሁኔታዎች ተስማምተን ይህን ውል ፈርመናል» ብሎ የሚጀምር ሙሉ የአማርኛ ገጽ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ አማርኛውን እንዲረዳ አይጠበቅበትም፤ ያስቀመጡለትን መልሶ ከለጠፈ ይበቃል።

ነጻ ንግግርን ወደ አማርኛ ጽሑፍ መቀየር የተለየ ጉዳይ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ ካካተተ ወዲህ በስልክም በጉግል ዶክስም እየተናገሩ አማርኛ መጻፍ ይቻላል። ጉግል ዶክስ ግን ያለ ኢንተርኔት አይሰማም፤ የማረሚያ ትእዛዞቹ የሚሠሩት በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ የራስን ትእዛዝ ለመጨመርም ቦታ የለውም። ስለዚህ ከእጩዎቹ አላስገባሁትም።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉ በፊት የማየው የማረሙን ነገር ነው። አንድ ትእዛዝ መፍጠር በሁሉም ፕሮግራም የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ማስታወቂያዎቹም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የሚወጣው ትእዛዞችዎ ሃምሳና ስድሳ ሲደርሱ፣ ከዚያም የውሉ አንድ ሐረግ ሲቀየር ነው። ያ ሐረግ በዐሥር ትእዛዞች ውስጥ ተቀብሮ ከሆነ ዐሥሩን አንድ በአንድ በመስኮት ከፍቶ ማረም ያስፈልጋል ወይስ አንድ ቦታ ማስተካከል ይበቃል? ኮምፒውተሩ ሲታመም ጠጋኙ «ፎርማት ይደረግ» ይላል፤ ያን ጊዜ ትእዛዞቹ አብረው ይጠፋሉ ወይስ በፍላሽ ይወጣሉ?

ሁለተኛው፣ በትእዛዙ ውስጥ የሚለዋወጥ ነገር ማስገባት መቻሉ ነው። የተከራይ ስም፣ የገንዘብ መጠን፣ ከሁሉም በላይ ቀን። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጆችን ቀን ነው። ውላችን የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ የዛሬን ቀን የሚያስገባ ትእዛዝ ስሌት ይፈልጋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት፤ የወሩም ቀን አብሮ ይለያያል። ጽሑፍ ከመለጠፍ ያለፈ ነገር የማይችል ፕሮግራም ይህን ሊሠራ አይችልም።

ሦስተኛው መብራትና ኢንተርኔት ነው። ዳር ያለ ሰፈር ኔትወርኩ ቀን በቀን አይተማመኑበትም፤ ንግግሩን እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰማ ፕሮግራም ያስፈልጋል። አራተኛው የኮምፒውተሩ አቅም ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሠራው በተጠቀመበት ላፕቶፕ ነውና። አምስተኛው ዋጋው፣ ከዋጋውም ይልቅ አከፋፈሉ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የተተመነ ሶፍትዌር ለትንሽ ሱቅ ከባድ ነው፤ ገንዘቡ ቢኖርም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ሌላ ጣጣ አለው።

ቮይስ አክሰስ፣ ከዊንዶውስ 11 ጋር የሚመጣው

ዊንዶውስ 11 ያለው ሰው መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይህን ነው። ነጻ ነው፤ የቋንቋውን ፋይል አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ካወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በሴቲንግስ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ፣ ከዚያ ስፒች የሚለው ሥር ይገኛል። የራስን ትእዛዝ መፍጠር መጀመሪያ አይችልም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 «ቮይስ ሾርትከትስ» የሚል ክፍል ተጨምሮለታል። መጥሪያውን ይጽፋሉ፣ ከዝርዝሩ ድርጊት ይመርጣሉ፤ ጽሑፍ መለጠፍ፣ ፋይል ወይም ፎልደር መክፈት፣ ድረ ገጽ መክፈት፣ ቁልፎችን መጫን። በአንድ ትእዛዝ ሥር ብዙ ድርጊቶችን በተርታ ማስቀመጥም ይቻላል።

ድክመቱ ማረሙ ላይ ነው። ትእዛዞቹ በዝርዝር ይታያሉ፤ እያንዳንዱን ከፍተው ያስተካክላሉ፤ ዐሥር ውል ውስጥ ያለ አንድ ሐረግ ከተቀየረ ዐሥር ጊዜ ይከፍታሉ። የሚለጥፈው ያስቀመጡትን ቋሚ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ የዛሬን ቀን በእኛ አቆጣጠር አስልቶ አያስገባም። ይህን ችግር የሚያቀልል መንገድ አለ፤ ውሉን ራሱን በትእዛዙ ውስጥ አያስቀምጡት። ውሉን በዎርድ ፋይል ያስቀምጡና ትእዛዙ ፋይሉን እንዲከፍት ብቻ ያድርጉ። ያን ጊዜ ሐረጉን የሚያርሙት በዎርድ ነው፤ ትእዛዙን መንካት አያስፈልግም። ፋይሉም በፍላሽ ይወጣል። በትእዛዝ ውስጥ መቀመጥ ያለበት አጭርና የማይለዋወጥ ነገር ነው፤ አድራሻ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ «ከሠላምታ ጋር»።

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው የሚቀበለው። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዙ ከሆነ ሻጩን የፕሮሰሰሩን ትውልድ ይጠይቁ፤ ከቀለሙና ከቦርሳው ይልቅ የሚያዋጣው ጥያቄ ይህ ነው።

ነባሩ የዊንዶውስ ንግግር ማወቂያ

ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የነበረው ይህ ፕሮግራም በዊንዶውስ 10 ላይ አሁንም አለ። ብቻውን የራስን ትእዛዝ አይፈጥርም፤ ለዚያ ማይክሮሶፍት ለብቻው አውጥቶት የነበረው የማክሮ መሣሪያ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 11 ላይ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ በቮይስ አክሰስ ተክቶታል፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አሮጌ ማሽን ላይ ለመለማመጃ ይሆናል። አዲስ የትእዛዝ ስብስብ ግን አልገነባበትም፤ ለሌሎችም አልመክርም።

ድራገን ፕሮፌሽናል

ድራገን ሳይቆራርጡ እየተናገሩ የሚጻፍበት ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ባለቤቱን ኑዋንስን ማይክሮሶፍት በ2022 ጠቅልሎ ገዝቶታል። በትእዛዝ አፈጣጠር ለረጅም ጊዜ የሚስተካከለው አልነበረም። አራት ዓይነት ትእዛዝ አለው፤ ጽሑፍ የሚያወጣ፣ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ፣ የእጅን እንቅስቃሴ ቀድቶ የሚደግም፣ በቤዚክ የኮድ ቋንቋ የሚጻፍ (ስክሪፕት)። ሦስት ነገሮቹ ለጽሕፈት ቤት በእውነት ይጠቅማሉ።

አንደኛው፣ በጽሑፉ ውስጥ በማዕዘን ቅንፍ የታጠረ ክፍት ቦታ መተው ይቻላል፤ በድምፅ ወደ ቀጣዩ ክፍት ቦታ እየዘለሉ ስምና ገንዘብ ይሞላሉ። ሁለተኛው፣ አንድ ትእዛዝ ዝርዝር ሊይዝ ይችላል። ለየወረዳው አንድ አንድ ትእዛዝ መፍጠር ቀርቶ የወረዳዎቹን ዝርዝር በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ያስገባሉ፤ ወረዳ ሲጨመር ዝርዝሩን ብቻ ያርማሉ። ሦስተኛው፣ የመጥሪያውን አነጋገር በራስዎ ድምፅ ማሠልጠን ይቻላል፤ የእኛ እንግሊዝኛ ከአሜሪካኖቹ ለሚለይበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትእዛዝ የተናገሩትን እንደ ጽሑፍ እየጻፈ ካስቸገረ ደግሞ ኮንትሮል ቁልፍን ይዘው ሲናገሩ እንደ ትእዛዝ ብቻ ይሰማዋል።

ከፋብሪካው የመጡትን ትእዛዞች እንዳሉ ማረም አይቻልም፤ ቅጂ ሠርቶ ቅጂውን ማረም ነው። የራስዎን ግን ወደ ፋይል አውጥተው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ማስገባት ይችላሉ።

ዋጋው ወደ 700 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። ለአንድ ጽሕፈት ቤት ይህን አልመክርም፤ ለትልቅ የጥብቅና ቢሮ ወይም በእንግሊዝኛ ብዙ ለሚጽፍ ድርጅት ግን ሊያዋጣ ይችላል። በሰፈር የሚሸጠውን «የተሰበረ» ቅጂ አይንኩ፤ ሲያሻሽሉት ይቆማል፣ ከእሱ ጋር የሚገባው ቫይረስም የደንበኞችዎን ሰነድ ይወስዳል። ከመግዛትዎ በፊት አንድ የአማርኛ አንቀጽ በትእዛዙ ሳጥን ውስጥ አስገብተው፣ አስቀምጠው፣ ዎርድ ላይ አውጥተው እንዲያሳይዎ ሻጩን ይጠይቁ። የማክ ቅጂው እ.ኤ.አ. በ2018 ተቋርጧል።

ታሎን

ነጻ ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ ንግግሩን የሚሰማው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። መጀመሪያ የተስፋፋው እጃቸው በታመመ ፕሮግራመሮች ዘንድ ነው፤ ስለዚህ መልኩ ለጀማሪ ደረቅ ነው። የሚያምር መስኮት የለውም። ትእዛዞቹ በፎልደር ውስጥ የተቀመጡ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው።

ይህ ደረቅነቱ ነው የማረሙን ፈተና ከሁሉም አብልጦ እንዲያልፍ ያደረገው። ፋይሉን በኖትፓድ ይከፍታሉ። ከላይ ትእዛዙ በየትኛው ፕሮግራም ውስጥ ብቻ እንደሚሠራ ይጻፋል፤ በመሀል አንድ የሰረዝ መስመር አለ፤ ከሰረዙ በታች በየመስመሩ መጀመሪያ መጥሪያው፣ ቀጥሎ ነጥብ ላይ ነጥብ (:)፣ ቀጥሎ የሚደረገው ነገር። ፋይሉን ባስቀመጡበት ቅጽበት አዲሱ ትእዛዝ ሥራ ይጀምራል፤ መዝጋትና መክፈት የለም። «አከራይ» የሚለውን በሁሉም ትእዛዞች ውስጥ በሌላ ቃል መተካት ከፈለጉ በኖትፓድ ፈልጎ መተካት ነው። ፎልደሩን በፍላሽ ቀድተው ለሥራ ባልደረባዎ ይሰጣሉ፤ ማሽኑ ፎርማት ቢደረግ መልሰው ያስቀምጡታል።

ከባድ የሆነውን ሥራ ፓይተን በተባለው የኮድ ቋንቋ መጻፍ ይቻላል። የኢትዮጵያን ቀን የሚያሰላ አጭር ፋይል አንድ ጊዜ ከተጻፈ «ቱዴይስ ዴት» ሲሉ የዛሬው ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት በአማርኛ ይወጣል። ኮድ የሚያውቅ የሰፈር ልጅ ግማሽ ቀን ቢቀመጥበት የሚጨርሰው ሥራ ነው። መማሩ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ፊደላትን አንድ በአንድ ለመጥራት እንኳ የራሱ አጫጭር ቃላት አሉት። ያለ ረዳት ለሚጀምር ሰው ተስፋ ሊያስቆርጥ ስለሚችል አንድ የሚያውቅ ሰው ከጎን ቢኖር ይመረጣል።

የአፕል ቮይስ ኮንትሮል

ማክ ወይም አይፎን ካለዎት ሌላ አይፈልጉ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሁለቱም ላይ አለ፤ ነጻ ነው፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መጥሪያ ይጽፋሉ፣ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚሠራ ይመርጣሉ፣ ድርጊቱን ይመርጣሉ። ብዙ ድርጊቶችን በአንድ ከሚያስረው «ሾርትከትስ» ከተባለው የአፕል መሣሪያ ጋር መያያዙ ከቮይስ አክሰስ አንድ እርምጃ ያስቀድመዋል። ለዚህ ሲባል ብቻ ማክ መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

በአማርኛ የሚሰማ ከፈለጉ

እንግሊዝኛ ለማይናገር ሰው ከላይ ያሉት ሁሉ አይሆኑትም፤ የቀረው መንገድ ፕሮግራመር አግኝቶ በእጅ ማሠራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኦፕንኤአይ ዊስፐርና በ2023 ሜታ ያወጣው ኤምኤምኤስ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ሲሆኑ አማርኛን ይሞክራሉ፤ ሁለቱም በነጻ የሚወርዱ ናቸው። ፕሮግራመሩ የሚጽፈው ኮድ የተሰማውን ጽሑፍ ተቀብሎ ከትእዛዞቹ ዝርዝር ጋር ያመሳስላል። ዊስፐር በአማርኛ ብዙ ይሳሳታል፤ ዝርዝሩ ሃያና ሠላሳ ትእዛዝ ብቻ ከሆነ ግን የተሰማው ከየትኛው ጋር በጣም እንደሚቀራረብ መለየት ይበቃል፤ ፊደል በፊደል መግጠም የለበትም። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ መዘግየቱ ይሰለቻል። እጃቸው ለተጎዳና አማርኛ ብቻ ለሚናገሩ ሰዎች የሚሠራ ማኅበር ወይም ድርጅት ቢይዘው ደስ የሚለኝ ሥራ ነው፤ ለአንድ ሱቅ ብቻውን ይከብዳል።

በአንድ ዓይን

| አማራጭ | ዋጋ | ያለ ኢንተርኔት | ማረም | የሚለዋወጥ ነገርና የእኛ ቀን | ቅጂ ማውጣት |
|---|---|---|---|---|---|
| ቮይስ አክሰስ | ከዊንዶውስ 11 ጋር ነጻ | ይሠራል | አንድ በአንድ | አይችልም | ጽሑፉን በዎርድ ፋይል ያስቀምጡ |
| ነባሩ የዊንዶውስ | ነጻ | ይሠራል | በተጨማሪ መሣሪያ | በስክሪፕት | የማክሮ ፋይሎቹን በመቅዳት |
| ድራገን ፕሮፌሽናል | 700 ዶላር ገደማ | ይሠራል | ጥሩ | ክፍት ቦታና ዝርዝር አለው፤ ቀኑ በስክሪፕት | ይቻላል |
| ታሎን | ነጻ | ይሠራል | ከሁሉም የተሻለ | በፓይተን ሙሉ በሙሉ | ፎልደሩን መቅዳት |
| የአፕል | ከመሣሪያው ጋር ነጻ | ይሠራል | አንድ በአንድ | በሾርትከትስ በኩል | ይቻላል |
| በእጅ የተሠራ | የፕሮግራመር ድካም | ማሽኑ ከቻለ | እንደ ሠሪው | እንደ ሠሪው | እንደ ሠሪው |

የትኛውንም ቢመርጡ

መጥሪያው ከሁለት እስከ አራት ቃል ይሁን። አንድ አጭር ቃል ከወሬ መሀል ይያዛል፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር መሀሉ ላይ ትንፋሽ ሲወስዱ ይቆረጣል። በ«ስ» ተጀምሮ ሌላ ተነባቢ የሚከተለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይሽሹ፤ ብዙዎቻችን «እስታርት»፣ «እስኩል» ብለን ስለምንጠራው ማሽኑ ይደናገራል። «ኦፕን»፣ «ሃውስ»፣ «ሌተር» የመሳሰሉት ይሻላሉ። የአማርኛ ቃልን በእንግሊዝኛ ሰሚ ላይ መጥሪያ አያድርጉ፤ «ውል» ሲሉት የሚመስለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይፈልግለታል።

የአማርኛውን ጽሑፍ ሁልጊዜ በመለጠፍ እንጂ ቁልፍ በቁልፍ በማስመታት አያስወጡ። የአማርኛ ኪቦርድ ተከፍቶ ከሆነ የሚመታው ሁሉ እንደገና ይቀየርና ይበላሻል። ጽሑፉም በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ አሠራር) የተጻፈ መሆኑን ያረጋግጡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ አሮጌ ውሎች በየጽሕፈት ቤቱ አሁንም አሉ። እነሱን ቀድተው ትእዛዝ ውስጥ ካስገቡ የሚወጣው ትርጉም የሌለው ምልክት ነው። አሰልቺ ቢሆንም እንደገና መጻፍ ይሻላል።

ማይኩ ከፕሮግራሙ እኩል ይቆጠራል። ከላፕቶፑ ጋር የመጣው ማይክ የብሎኬት ማምረቻውንም፣ የባጃጁንም፣ የደንበኛውንም ድምፅ እኩል ይሰማል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጭራሽ አይሰማም። ከአፍ አጠገብ የሚቆም፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የጆሮ ማዳመጫ ማይክ ይህን አብዛኛውን ያቃልላል። በስክሪን አንባቢ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ያለ ጆሮ ማዳመጫ አይጀምሩ፤ ፕሮግራሙ የስክሪን አንባቢውን ድምፅ እንደ ትእዛዝ ይሰማዋል። ሁሉም ፕሮግራሞች ማስተኛና መቀስቀሻ ትእዛዝ አላቸው፤ ደንበኛ ሲገባ ማስተኛቱን ልማድ ያድርጉት።

የባንክ የምስጢር ቁጥርና የይለፍ ቃል በትእዛዝ ውስጥ አያስቀምጡ። ሱቅ ውስጥ የቆመ ማንም ሰው መጥሪያውን ሰምቶ ሊደግመው ይችላል። ማጥፋትንና መላክንም በአንድ ቃል አያስሩ።

ለማን የቱ?

ዊንዶውስ 11 ላላትና አንጓዋ መታመም ለጀመረ ጸሐፊ፦ ቮይስ አክሰስ፣ ውሎቹ በዎርድ ፋይል ተቀምጠው፣ ከጥሩ ማይክ ጋር። ገንዘቡን ማይኩ ላይ ታውለው።

ዊንዶውስ 10 ብቻ ላለው፦ ታሎን። ማሽኑ ደካማ ከሆነ ሊዘገይ ስለሚችል ትእዛዝ ከመገንባት በፊት ለጥቂት ቀን ተሞክሮ ይታይ።

ሦስትና አራት ጸሐፊ ላለው ቢሮ፦ ታሎን፣ ኮድ በሚያውቅ አንድ ሰው ተዘጋጅቶ። አንድ ፎልደር ለሁሉም ይበቃል፤ ሲታረምም አንድ ቦታ ታርሞ ለሌሎቹ ይቀዳል።

በእንግሊዝኛ ረጅም ሰነድ ለሚጽፍና የሚከፍልለት መሥሪያ ቤት ላለው፦ ድራገን፣ የአማርኛው ሙከራ ከተሳካ በኋላ።

ኮምፒውተር ለሌለውና በስልክ ብቻ ለሚሠራ፦ አይፎን ከሆነ የራሱ ቮይስ ኮንትሮል። አንድሮይድ ከሆነ የጉግል ኪቦርድ የአማርኛ ድምፅ መጻፊያ ለነጻ ጽሑፍ፤ ተደጋጋሚውን ጽሑፍ ደግሞ በዚያው ኪቦርድ የግል መዝገበ ቃላት ውስጥ በአጭር ምልክት ማስቀመጥ። ይህኛው የድምፅ ትእዛዝ አይባልም፣ እጅ ግን ያሳርፋል።